አንድ ካርቶን፣ ስንት ዓይነት ነጭ?

ከመገናኛ ተነስቶ በላምበረት በኩል ወደ ኮተቤ በሚዘልቀው መንገድ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያለፈ ሰው፣ የሱቆቹ መብራት እርስ በርሱ እንደማይስማማ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልገውም። መድኃኒት ቤቱ ወደ ሰማያዊ ባደላ ነጭ ይበራል። ከጎኑ ያለው ካፌ ቢጫ ነው። አለፍ ብሎ ያለው የሞባይል ጥገና ቤት ደግሞ ኮርኒሱ ላይ ከደረደራቸው ክብ መብራቶች አንዱ ሁለቱ አረንጓዴ ነገር ነካ ያደርጋቸዋል። የመድኃኒት ቤቱና የካፌው ልዩነት የባለቤቶቹ ምርጫ ስለሆነ ማንንም አያገባም። የጥገና ቤቱ ግን ምርጫ አይደለም፤ መብራቶቹ ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ዋትና አንድ ዓይነት ኬልቪን የተጻፈባቸው ናቸው። ባለቤቱ አንድ ቀለም ገዝቶ ሁለት ተሰጠው።

የኃይል ቁጠባ ደረጃ የሚያወጡ ተቋማት ዋና ሥራቸው ዋት መቁጠር ነው። ታዲያ የቀለም ወጥነት ምን አገባቸው? አንዳንዱ መሐንዲስ «ይህ የውበት ጉዳይ ነው፤ ለአስጌጪዎች እንተወው» ይላል። የዚህ ጸሐፊ አቋም ሌላ ነው፤ ከታች እንደሚታየው የዓለም ሕጎችም ቀስ በቀስ ወደዚያው እየመጡ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ዓይነት መሆን የነበረባቸው አምፖሎች ለምን እንደሚለያዩ ማየት ይገባል።

እነዚህ አምፖሎች የሚሠሩት በኤልኢዲ ነው፤ ኤልኢዲ ደግሞ በባሕርዩ ነጭ አያበራም። ውስጡ ያለችው ቅንጣት የምታወጣው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ይህን ሰማያዊ በማስገኘታቸው ነበር። በቅንጣቷ ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫማ ቅባት ይፈስሳል። የሰማያዊው ከፊል በቅባቱ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ቢጫና ቀይ ይለወጣል፤ ቀሪው እንዳለ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ያያል። ቅባቱ በጣም ጥቂት ቢወፍር ነጩ ወደ ቢጫ ይሞቃል፣ ቢሳሳ ወደ ሰማያዊ ይቀዘቅዛል። የቅንጣቷ ሰማያዊ በሁለት ሦስት ናኖሜትር ቢንሸራተት ደግሞ ድብልቁ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ስለዚህ ፋብሪካ አንድ ዓይነት ነጭ ብቻ ማምረት አይችልም፤ የሚችለው አምርቶ፣ እያንዳንዱን ለክቶ፣ የሚመሳሰለውን አንድ ላይ ማድረግ ነው። ቡና ላኪ ፍሬውን በደረጃ እንደሚለየው ማለት ነው። የጠራው ለከፈለ ደንበኛ ይሄዳል። ድብልቁ ደግሞ የቀለም ጥያቄ ለማያነሳ ገዢ ይጫናል፤ ጥያቄ የማያነሳው ገዢ ብዙውን ጊዜ ደረጃ የሌለው፣ ቢኖረውም በበሩ ላይ የማይለካ አገር ነው።

«ይመሳሰላል» የሚለውን ቃል በቁጥር ያሰረው ዴቪድ ማክአዳም የተባለ የኮዳክ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት አንድ ተመልካች ሁለት ቀለሞችን እያስተያየ አንድ እስኪመስሉት ድረስ ደጋግሞ እንዲያስተካክል አደረገ። በቀለም ካርታ ላይ ባሉ 25 ነጥቦች ዙሪያ 25,000 ያህል ሙከራ ተካሄደ። በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ የተመልካቹ ስህተት የተበተነበት ቦታ ሞላላ ቅርጽ ሠራ፤ ዛሬ የማክአዳም ሞላላ የሚባለው ይህ ነው። ሞላላው በሁለት፣ በሦስት፣ በሰባት ሲባዛ «እርከን» ይባላል። በአንድ እርከን ውስጥ ያሉ ሁለት አምፖሎችን የሚለይ ዓይን ብርቅ ነው። ሦስት እርከን ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ላልፈለገው አይታይም። አምስት ላይ ነጭ ግድግዳ ያጋልጠዋል፤ ሰባት ላይ ማንም ያየዋል። የዓለም የአምፖል ንግድ እስከ ዛሬ በአንድ ሰው ዓይን ላይ ቆሞ መኖሩ ይገርማል። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ሞላላዎቹ ስሌትን ስለሚያወሳስቡ በክብ እንዲተኩ መክሯል፤ ለዚህ በተመረጠው የቀለም ካርታ አንድ እርከን 0.0011 ራዲየስ ያለው ክብ ነው። ሐሳቡ ግን ያው የማክአዳም ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ኬልቪን ታዲያ ምን ይነግረናል? ከግማሽ ያነሰውን። በአሜሪካ የቀለም ደረጃ መሠረት «6500 ኬልቪን» ተብሎ የሚሸጥ መብራት ከ6020 እስከ 7040 ባለው ውስጥ ከገባ ሐሰት አልተናገረም። «3000» ደግሞ ከ2870 እስከ 3220 ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ኬልቪን የሚናገረው ከቢጫ ወደ ሰማያዊ ስላለው መስመር ብቻ ነው። መብራቱ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ማዘንበሉን አይገልጽም፤ ዓይን ቶሎ የሚቆጣው ደግሞ በዚህኛው ነው። የጥገና ቤቱ አረንጓዴ መብራቶች በኬልቪን መለኪያ «ትክክል» ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለኤልኢዲ አምፖል አፈጻጸም ባወጣው ደረጃ፣ በአይኢሲ 62612፣ የተሻለ መንገድ አለ። አምራቹ ስድስት አኃዝ ይጽፋል፤ ለምሳሌ 830/359። የመጀመሪያው 8 የቀለም ማሳየት ችሎታው (የሚያበራውን ዕቃ ቀለም በትክክል የማሳየት ብቃቱ) 80 አካባቢ መሆኑን ነው። 30 ማለት 3000 ኬልቪን ነው። ከዘንጉ በኋላ ያለው 3 አምፖሉ አዲስ ሳለ የቀለም ሥርጭቱ በሦስት እርከን ውስጥ መሆኑን፣ 5 ደግሞ ከተወሰነ አገልግሎት በኋላ (ጣሪያው 6,000 ሰዓት ነው) ወደ አምስት መስፋቱን ይናገራል። የመጨረሻው 9 ያን ጊዜ ብርሃኑ ከ90 በመቶ አለመውረዱን ነው። በዚህች አጭር ቁጥር ውስጥ ገዢ ማወቅ የሚገባው ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ካርቶኑ ላይ ከሚታተመው «እስከ 25 ዓመት ያገለግላል» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ ይህችን ቁጥር ፈልጎ ማጣት ራሱ መረጃ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ግን ጉዳዩን ከፈቃደኝነት አውጥቶ በኃይል ቁጠባ ሕጉ ውስጥ አስገባው። ከመስከረም 1 ቀን 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ደንብ 2019/2020 ለገበያ የሚቀርብ የኤልኢዲ መብራት የቀለም ወጥነቱ ከስድስት እርከን እንዳያልፍ፣ የቀለም ማሳየት ችሎታውም ጥቂት ነገሮች ሲቀሩ ከ80 እንዳያንስ ያስገድዳል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ 10 አምፖል ወስዶ ይለካል፤ የተገኘው እርከን አምራቹ ካስታወቀው መብለጥ አይችልም። ስድስት እርከን ለጋስ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሰቀል የሚታይ ልዩነት ያሳልፋል። ሌላም ክፍተት አለው፤ የሞላላው መሐል የት እንደሚሆን የሚያስታውቀው አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ፋብሪካዎች እያንዳንዳቸው በቤታቸው ወጥ ሆነው እርስ በርሳቸው ግን ላይመሳሰሉ ይችላሉ። የተሰበረ አምፖል በሌላ ስም ምርት የተካ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ቀለም ኃይል ይበላል የሚባለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሉመን የሚለካው በሰው ዓይን ስሜት ነው። ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አረንጓዴ ነው። 650 ናኖሜትር ላይ ያለ ደማቅ ቀይ ግን በእኩል ኃይል ከዚያ አንድ አሥረኛ ያህል ሉመን ብቻ ያስቆጥራል። ስለዚህ ሉመን በዋት ብቻ የሚቆጥር ሕግ አምራቹን በዝምታ «ቀዩን ቀንስ» ይለዋል። ቀዩ የተቀነሰበት አምፖል በወረቀት ላይ አንደኛ ይወጣል። ሥጋ ቤት ሲሰቀል ግን ትኩሱ ሥጋ የሰነበተ ይመስላል፤ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥ ሲሰቀል ገዢዋ ቀሚሱን ይዛ ጥለቱን በፀሐይ ለማየት ደጃፍ ትወጣለች። የተለመደው የቀለም ማሳያ ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች አማካይ ስለሆነ ደማቁን ቀይ አይቆጥረውም። እሱ ለብቻው አር9 በሚባል ቁጥር ይለካል፤ 80 አልፎ ቀዩ ግን ባዶ የሆነ አምፖል ሞልቷል።

የአውሮፓው ደንብ ለዚህ ብልህ መልስ አለው። አንድ መብራት እንዲወስድ በሚፈቀድለት ዋት ስሌት ውስጥ የቀለም ማሳየት ችሎታን የሚያስገባ ማባዣ አለ፤ ችሎታው ላይ 80 ተደምሮ ለ160 ይካፈላል። ባለ 80ው አምፖል ማባዣው 1 ነው። ባለ 95ቱ 1.09 ይደርሰዋል፤ ለተሻለ ቀለም 9 በመቶ ተጨማሪ ዋት ተፈቀደለት ማለት ነው። ቀለም በዋት ዋጋ ተተመነ፤ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ወጥነት ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከቀለም ማሳየት ችሎታ ጋር እየተቀላቀለ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ቀይ መጨመር ዋት ያስከፍላል። አምፖሎችን ማመሳሰል ግን አንዲት ዋት አይጨምርም፤ የሚጠይቀው የልየታ ወጪ ብቻ ነው። በኃይል ስም ወጥነትን የሚቃወም አስመጪ የሚከላከለው ኃይልን ሳይሆን ርካሹን ድብልቅ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኃይል ቆጣቢ አምፖል ታሪክ የሚጀምረው ከኤልኢዲ በፊት ነው። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ፣ ድርቅ ግድቦችን አጉድሎ መብራት በፈረቃ በነበረበት ጊዜ፣ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ 5 ሚሊዮን ያህል ኃይል ቆጣቢ የፍሎረሰንት አምፖሎችን አሮጌውን ባለ ክር አምፖል እየተቀበለ አደለ። ስልሳ ዋት በአሥራ ጥቂት ዋት መተካቱ የምሽቱን ጫና ለማቃለል ከአዲስ ማመንጫ ይልቅ የፈጠነ መፍትሔ ነበር። እንዲህ ያለ ዘመቻ የሚለካው በታደለው ቁጥር ነው፤ ከታደለ በኋላ ስንቱ ተሰቅሎ እንደቆየ መለካት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የተዘጋጀ አንድ ግምገማ እዚያ ኃይል ቆጣቢ ፍሎረሰንት ለሃያ ዓመታት ገበያው ውስጥ እየተንቀረፈፈ የቆየበትን ምክንያት ሲዘረዝር፣ ከዋጋው ጋር የብርሃኑን ቀለም መጥፎነትና ወጥ አለመሆን ጠቅሷል። አምፖሉ ዋት ቆጥቦ ነበር፤ ቤተሰቡ ግን ሳሎኑን ስላበላሸበት አውጥቶ አሮጌውን መለሰው። ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አምፖል ደግሞ ምንም አይቆጥብም። የቀለም ወጥነት የኃይል ደረጃ ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኃይል ቁጠባን የመቆጣጠር ሥልጣን በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኢነርጂ ባለሥልጣን ተሰጥቶ ነበር፤ ዛሬ ሥራው በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን እጅ ነው። ባለሥልጣኑ ቅድሚያ የሰጠው ለእንጀራ ምጣድ ሲሆን ይህም ትክክል ነው። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢወስድ 390 ያህል ባለ 9 ዋት አምፖሎች በአንድ ጊዜ የሚወስዱትን ይወስዳል። አምፖል ግን በየክፍሉ አለ፤ ሁሉም የሚያበራውም በአንድ ሰዓት ነው።

ደረጃ መጻፍ፣ መለካትና ማረጋገጥ ደግሞ የሌሎች ሥራ ነው። ቀድሞ አንድ የነበረው የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በ2003 ዓ.ም. ሲከፋፈል ደረጃ አውጪው፣ የተስማሚነት ምዘናው፣ የሥነ ልክና የአክሬዲቴሽኑ ተቋማት ለየብቻ ቆሙ፤ አሁን በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው የጥራት መንደር መልሶ እያቀራረባቸው ነው። አስገዳጅ ደረጃ የወጣለት ዕቃ ሲገባ የሚቆጣጠረው የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ነው። ለቀለም ልኬት ከእነዚህ ሁሉ ወሳኙ ብዙም የማይወራለት ሥነ ልክ ነው። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ቀለሙ በታወቀ ማጣቀሻ መብራት በየጊዜው ካልተስተካከለ ሦስት እርከኑን አምስት፣ አምስቱን ሦስት ሊያደርገው ይችላል፤ አስመጪውም ፍርድ ቤት ሄዶ ይረታል።

መቆጣጠር አይቻልም የሚል ሰው የፀሐይ ፋኖሶችን ታሪክ ይመልከት። ላይቲንግ ግሎባል በሚባለው የዓለም ባንክ ቡድን መርሐ ግብር የወጣውን የጥራት መመዘኛ ኢትዮጵያ ተቀብላ ለሚገቡ አነስተኛ የፀሐይ ፋኖሶች ማጣሪያ አድርጋዋለች። መመዘኛው ፋኖሱ ከ2,000 ሰዓት በኋላ ከመጀመሪያው ብርሃኑ ቢያንስ 85 በመቶውን እንዲይዝና ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት እንዲሆን ይጠይቃል። ለገጠሩ ፋኖስ የተሠራ ማጣሪያ ለከተማው አምፖል የማይሠራበት ቴክኒካዊ ምክንያት አይታይም።

አዲስ አበባ ላይ የሚጨመሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ከሌላ አገር የተቀዳ ደረጃ አያስባቸውም። አንደኛው ከፍታ ነው። ከተማዋ ወደ 2,400 ሜትር ትጠጋለች፤ ከላምበረት በላይ ያለው የእንጦጦ ተዳፋት ከዚያም ይበልጣል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ ደረጃዎች ግን እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ የታሰቡ ናቸው። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ከአምፖሉ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። የሞቀ ፎስፈር ቀለሙን ይቀይራል፤ የላስቲክ ሽፋኑም ቶሎ ይወይባል። ደጋው ቀዝቃዛ መሆኑ ጉዳቱን በከፊል ያካክሰዋል። ኮርኒስ ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ ክብ መብራት ግን ከቅዝቃዜው ብዙም አይጠቀምም። ሁለተኛው የቮልቴጅ መዋዠቅ ነው። ሙከራ የሚደረገው ባልተዛባ 220 ቮልት ሲሆን ርካሽ አምፖል ውስጥ ያለው ቀላል ሰርኩይት ግን የመስመሩን መውጣትና መውረድ እንዳለ ወደ ቅንጣቶቹ ያሳልፈዋል። ብርሃኑ አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቀለሙም በመጠኑ ይከተለዋል። እዚህ የሚፈተን አምፖል ቢያንስ በዝቅተኛና በከፍተኛ ቮልቴጅም ቢሞከር ውጤቱ ይበልጥ የእኛ ይሆናል።

ወጥነት በዓይን የሚዳኝበት ትልቁ ሰሌዳ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ሆናለች። በ2016 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር የአዲስ አበባ አስተዳደር ሕንፃዎች ግራጫ እንዲቀቡ ወሰነ። ግራጫ የራሱ ቀለም ስለሌለው የመጣበትን ብርሃን እንዳለ ይመልሳል። ቀይ ወይም ቢጫ ግድግዳ ላይ የሚደበቅ የአምስት እርከን ልዩነት ግራጫ ላይ ሮዝና አረንጓዴ ሆኖ ይገለጣል። ቀን ሕንፃዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው መመሪያው ነው፤ ማታ ግን የሚወስነው የአምፖሉ ካርቶን ነው። ለአደባባይ መብራት በሚወጣ ጨረታ ከዋቱና ከዋስትናው ጎን «ሦስት እርከን፣ መሐሉ ይህ ነጥብ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ፣ አብሮም ከዚያው ምድብ መጠባበቂያ ማስቀመጥ ገንዘብ ብዙም አይጠይቅም። መሐሉ ካልተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው መቀየሪያ ሌላ ነጭ ነው።

ልኬቱ ራሱ እንዴት ይደረጋል? ቤተ ሙከራ ውስጥ አምፖሉ ውስጡ ነጭ በተቀባ ትልቅ ሉል መሐል ይሰቀላል፤ የክፍሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ላይ ይያዛል፤ ብርሃኑ እስኪረጋ ይጠበቃል፤ ከዚያ የብርሃኑን ኅብር የሚያነብብ መሣሪያ ሉመኑን፣ ኬልቪኑን፣ ቀለም ማሳየቱንና በካርታው ላይ ያለበትን ነጥብ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ዋቱን ለማረጋገጥ የገባ አምፖል ቀለሙም አብሮ ተለካ ማለት ነው፤ ሁለተኛ ሙከራ፣ ሁለተኛ ወጪ የለም። የሚቀረው ውጤቱን መመልከት ብቻ ነው። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ጥቅም ያለው ሌላ ነው። አሥር አምፖል ተለክቶ ቀለሙ ከተበተነ ፋብሪካው ቅንጣቶቹን ከየት እንደገዛ ራሱም አልተቆጣጠረም፤ እንዲህ ባለው ካርቶን ላይ የተጻፈውን ሉመንና ዕድሜ ተቆጣጣሪ ከሌላው አስቀድሞ ሊጠራጠረው ይገባል።

ሱቅ ደጃፍ ላይም ጥቂት ማድረግ ይቻላል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ አምፖል ሲሸጥ አብርቶ ማሳየት ልማዱ ነው፤ ገዢውም መብራቱን አይቶ ይረካል። አንድ ብቻ ሲበራ ግን ዓይን ወዲያው ስለሚለምደው ማንኛውም ነጭ ነጭ ይመስላል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አስበርቶ፣ መሐላቸው ካርቶን አቁሞ፣ ግራና ቀኙን በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ማየት ነው የሚለየው። በስልክ ፎቶ የሚያነሳ ደግሞ ካሜራው ቀለሙን በራሱ እንዳያስተካክል መቆለፍ አለበት፤ አለበለዚያ ስልኩ ልዩነቱን አስተካክሎ ይዋሸዋል። ሁለቱ ሲታዩ ከተለያዩ ነጋዴው ሌላ ካርቶን ያውጣ።

ለአገር የሚበጀው ደረጃ ምን ይሁን? ሦስት እርከንን ለቤት አምፖል ማስገደድ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ድሃውን ወደ ኮንትሮባንድ ይገፋል። ስድስት ወይም ሰባት እርከን በመግቢያ በር፣ ባለ ስድስት አኃዙ ቁጥር በካርቶኑ ላይ በግዴታ፣ ሦስት እርከን ደግሞ መንግሥት በራሱ ገንዘብ በሚገዛው ላይ ቢሆን ይበቃል። ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 የሚናማታ የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች ዘንግ ፍሎረሰንት እንዳይመረትና ድንበር እንዳይሻገር ያስቀመጡት ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2027 ያበቃል። በትምህርት ቤቶች፣ በጤና ጣቢያዎችና በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ኮርኒስ ላይ የተሰለፉት ዘንጎች ሲቃጠሉ የሚተኩት በኤልኢዲ ነው፤ የሚተኩትም ሁሉም በአንድ ቀን ሳይሆን በየወሩ አንድ ሁለት፣ በየጊዜው ከሚገኘው ምርት ነው።